ጄት ስኪ በሽንኩርት ፓምፕ

ዓይኔን በጨው አጥቤ አጎቴን «ጋሼ፣ የመስኖ ፓምፕዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ፤ የጉድጓድ ውሃ ላወጣበት ነው» አልኳቸው። ሰጡኝ።

ጣጣው የመጣው ከስልኬ ነው። ፈረንጆቹ የተጣለ ጄት ስኪ (ውሃ ላይ የሚነዳ ሞተር ሳይክል በለው) ይገዙና ሞተሩን ከነፓምፑ ነቅለው ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ውስጥ ይገጥሙታል። ውጭ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከሥር ውሃ ይስባል፣ ከኋላ በጠባብ አፍ ይተፋል፣ ጀልባው ይሮጣል። «ይሄማ የጋሼ ፓምፕ ነው!» አልኩ።

ጀልባው የጓደኛዬ ነው። ሆዱን ቀድደን የውሃ መሳቢያ ልናስበይድ ሐይቅ ከተማ አንድ በያጅ ዘንድ ወሰድነው። በጣቱ ኳ ኳ አደረገውና «የላዩን ሽፋን ሳላቀልጠው ውስጡ ቀልጦ ይፈስባችኋል፤ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው ፈልጉ» አለን። እውነቱን ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ግን ከ2,000 በላይ ይፈልጋል። አርጎን ፍለጋ ማን ይዙር? መሳቢያውን ቱቦ በጎን ውሃ ውስጥ ጣልነው፣ መትፊያውን ከኋላ አሰርነው፣ ባለ 3 ኢንቹን አፍ ደግሞ በላሜራ አጠበብነው።

ጓደኛዬ «አብሽር» አለኝ። እኛ ወሎ «አብሽር» ከተባልክ ነገሩ ቀድሞ ተበላሽቷል።

እሁድ ጠዋት ሐይቁ ላይ ወጣን። ድምፁ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፤ ጀልባዋ ግን እንደ ሙሽራ ነው የምትራመደው። ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ እየቀዘፉ አለፉን። አንዱ ዞር ብሎ «ገመድ እንወርውርላችሁ?» አለ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ያ ፓምፕ በደቂቃ 1,000 ሊትር ቢተፋ እንኳ ባልጠበበው አፉ የሚገፋን በ6 ኪሎ ያህል ጉልበት ነው። ሐይቁ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ለሳሳው አየር ይገብራል። ይህን ሒሳብ ቅዳሜ ብሠራው ምን ነበረበት!

ታንኳ ቀደመኝ ብዬ እልህ ያዘኝና ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጠሁት። የቱቦው ማሰሪያ ተበጠሰ። ቱቦው እንደ እባብ ቀና ብሎ ዳር ላይ ቡና ወዳፈሉት እትዬ ዞረ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ነበር። ከሰሉ ጭሽ አለ፤ ጀበናው ተገለበጠ፤ እንግዶቹ ከነነጭ ልብሳቸው ራሱ።

ደንግጬ ሞተሩን አጠፋሁት። ለካ በጄት የሚሄድ ነገር ውሃ መትፋት ሲያቆም መሪውም አብሮ ይሞታል! መቅዘፊያውንስ? «ሞተር እያለ ምን ይሠራል» ብለን ቤት ትተነዋል። ከእግራችን ሥር ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ ስላለ ዘሎ መግባትም የለም። እናም ቀስ ብለን፣ በጣም ቀስ ብለን፣ እየተንሳፈፍን ቀጥታ ወደ እትዬ ሄድን። እሳቸው ማራገቢያቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁናል።

«የኔ ጌታ» አሉኝ ስንደርስ፣ «እሳት አደጋ ናችሁ እንዴ?»

የጀበናውን ከፍለን ተለቀቅን። ሰኞ ፓምፑን መለስኩ፤ ያጠበብነውን አፍ መንቀል ግን ረሳሁ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወሉ።

«ጉድጓዱ ደረቀ?»

«አዎ ጋሼ፣ ደረቀ።»

«እሰይ። በል ና፣ ሁለት መደብ ሽንኩርት ከነሥሩ ተነቅሎ ጎረቤት ማሳ ገብቷል። ለቅመህ መልሰህ ትተክላለህ።»