ድንጋዩ እስኪደርቅ

ዝናብ ሲዘንብ አሁንም ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ድንጋይ ነው። ዛሬ ሐዋሳ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ታቦር ተራራ ጉም ለብሷል። ልቤ ግን ጀርመን፣ ድሬስደን የተማርኩበት ጊዜ ላይ ነው።

ስሄድ ገደል መውጣት በሐሳቤም አልነበረም። አንዲት የክፍሌ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት "ነይ እንሂድ" አለችኝ፤ ሄድኩ። የተማሪ ትኬታችን ለባቡሩም ስለሚሠራ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ባቡሩ የኤልበን ወንዝ ዳር ይዞ ይጓዛል። ራተን የምትባል መንደር ላይ ወርደን በጀልባ ተሻገርን። ጀልባዋ ሞተር የላትም፤ በሽቦ ታስራ የወንዙ ፍሰት ራሱ ይገፋታል። ማዶ ስንደርስ ድንጋዮቹ ከጫካው በላይ ብቻ ብቻቸውን ቆመዋል። ቦታው በዳይኖሰር ዘመን ባሕር ነበር። የባሕሩ አሸዋ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆነ፤ ከዚያ ውሃና ውርጭ እየቦረቦሩ ዓምድ ዓምድ አደረጉት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1864 የባድ ሻንዳው ጂምናስቲክ ሠሪዎች ፋልክንሽታይን የሚባለውን ዓምድ ከወጡ ወዲህ ሰው ከዚያ አልጠፋም።

የአካባቢው ሕግ ጥብቅ ነው። ሌላ አገር ገደል ወጪዎች ቢወድቁ ገመዳቸው እንዲይዛቸው ስንጥቅ ውስጥ የሚሸጉጡት ብረት እዚያ ክልክል ነው፤ ድንጋዩን ይፍቀዋል። በምትኩ የተቋጠረ ገመድ ይሸጎጣል። እጅ በላብ እንዳይንሸራተት የሚቀባው ነጭ ዱቄትም አይፈቀድም። አልፎ አልፎ የተተከለ የብረት ቀለበት አለ፤ ከአንዱ ቀለበት እስከ ሌላው ያለው ርቀት ግን ያስፈራል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እርጥብ ድንጋይ አይነካም። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ከረጠበ የያዝሽው ጠርዝ ተቆርሶ እጅሽ ላይ ይቀራል። ለወጪው አደጋ ነው። ድንጋዩም መልሶ አያበቅለውም፤ ነገ የሚመጣው ሰው መያዣ ያጣል።

አንድ ጊዜ ከፈተና በኋላ በጉጉት ሄድን። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች። ጓደኛዬ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፣ ሥሩ ያለውን አሸዋ በጣቷ ጫረች፣ ራሷን ነቀነቀች። ማታ ዘንቦ ነበር። ዙሪያውን የሚጠብቅ የለም፣ የሚቀጣ የለም። ሌሎች ወጪዎችም መጡ፣ ነኩ፣ ገመዳቸውን ይዘው ተመለሱ። አንድም ሰው አልተነጫነጨም። እኔ ይህን ስፖርት ከልቤ የወደድኩት የዚያን ቀን ነው፤ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳልወጣ። በጫካው ስንዞር፣ ሻይ ስንጠጣ ዋልን።

እማዬ ስትሰማ ደነገጠች። "አንቺ ልጅ፣ እግዜር የሰጠሽን ሜዳ ትተሽ ገደል ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። ገመድ እንዳለ፣ ከመነሳታችን በፊት እኔ የጓደኛዬን ቋጠሮ፣ እሷም የኔን እንደምታይ አስረዳኋት። ዝም ብላ ቆየችና "ገመዱን ማን ነው የሚይዘው?" አለች። ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ከኔ ጤና ቀድማ "ያቺ ገመድ የምትይዝልሽ ልጅ ደህና ናት?" ትላለች። ለጸሎትም ስሟን ጠይቃኛለች።

ጓደኛዬ "እናንተ አገርስ ይወጣል?" ስትለኝ ስለ ደብረ ዳሞ ነገርኳት። መነኮሳቱ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር እንደሚወጡ፣ አቡነ አረጋዊን መጀመሪያ ያወጣቸው ዘንዶ ነው እንደሚባል። "አንቺስ ወጥተሻል?" አለች። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም። ገራልታ ገደል ላይ ያለው የአቡነ ይምዓታ ቤተ ክርስቲያን ግን ለሴትም ክፍት ነው፤ እናቶች ክርስትና ለማስነሳት ሕፃን አዝለው በባዶ እግር ገደሉን ይወጡታል። ይህን ስነግራት ገመዷን መጠቅለል ትታ ሰማችኝ። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ገመድ አሟልተን ለወጣነው ለኛ ያቺ እናት ምን ዓይነት ልብ እንዳላት መገመት ከባድ ነበር። አንድ ቀን አብረን ገራልታ እንሄዳለን ተባብለናል። አሁንም ቃሌ ቃል ነው።

በየዓምዱ ጫፍ በብረት ሳጥን የተቀመጠ መዝገብ አለ። የደረሰ ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። እኔ በፊደላችን ነው የጻፍኩት፣ "ከሐዋሳ" ብዬ። ከታች የጀርመን ስም፣ ከላይ የጀርመን ስም፣ መሃል የኔ። እንደዚያ ቀን አገሬን በኩራት የጻፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ታናሽ ወንድሜ አሁን እኔንም ታቦር ላይ ወይ አላሙራ ላይ አውጪኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። የኛ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ የኤልበ ጠባይ የለውም። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ መጀመሪያ ሥር ሥሩን በእግራችን እንዞራለን። በእጃችን እየነካን፣ የላላውንና የጸናውን እየለየን። እስከዚያው በረንዳ ላይ ቋጠሮ እያስተማርኩት ነው። ስምንት ቁጥር የሚመስለውን ቋጠሮ ዓይኑን ጨፍኖ መቋጠር እስኪችል ወደ ላይ አንሄድም። የኔን ቋጠሮ ማየትም ይልመድ ብዬ አንዳንድ ምሽት ሆን ብዬ አጣምሜ አስሬ እሰጠዋለሁ። ትናንት አገኘው።