ሁለት ሜትር ቡና

ሦስት ሳምንት አልፎታል። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ያ ከረጢት አሁንም ከማሽኑ ይወርዳል፤ አያልቅም።

ሥራው እዚሁ ጅማ፣ የተቆላ ቡና ፈጭተው የሚያሽጉ ሰው ዘንድ ነበር። ፕላስቲኩን የሚስበው የአሮጌው ማሽን ክላች እየተንሸራተተ አንዱን ከረጢት ረጅም፣ አንዱን አጭር ሲያደርግባቸው፣ ባለቤቱ ሐጂ ተማረው “ያንን በቁጥር የሚዞረውን ሞተር ግጠምልኝ” አሉኝ። ገጠምኩ። ፒኤልሲው፣ ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፐልስ የሚባል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ድራይቩ፣ ሞተሩን የሚነዳው ሳጥን፣ ፐልሱን እየቆጠረ ያንን በቁጥር የሚዞር ሰርቮ ሞተር ያዞራል። 10,000 ፐልስ አንድ ዙር፤ አንድ ዙር 20 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አንድ የሩብ ኪሎ ከረጢት። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ለባለቤቱ ከማሳየቴ በፊት በነበረው ማታ ስለካው 198 ሚሊ ሜትር ሆነብኝ። ለሁለት ሚሊ ሜትር ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ጊር የሚሉት ክፍልፋይ አለ፤ ከላይ የሞተሩን ዙር የሚለካው የኢንኮደሩ 131072፣ ከታች ለአንድ ዙር የሚበቃው ፐልስ 10000። እስቲ ይህ ይለውጠው እንደሆነ ብዬ፣ ለውጡም ጎልቶ እንዲታየኝ ብዬ፣ ከታችኛው ቁጥር አንድ ዜሮ ቀነስኩ። ማሽኑን አስነሳሁት፤ 198። ደገምኩት፤ 198። “ይህ ፓራሜትር አይሠራም” ብዬ ፈረድኩበትና ትቼው ሄድኩ። ቁጥሩን ወደ ቦታው ልመልሰው የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም፤ የማይሠራ ነገር ምን ይመለሳል? ፒኤልሲው ላይ 10,000 የነበረውን 10,100 አደረግሁት፤ ከረጢቱ ልክ 200 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሃያ ከረጢት አወጣሁ፤ ሃያውም መንትያ። እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ከዚያ ፓራሜትር ጎን አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች። ትርጉሟ ከገጹ ግርጌ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል፦ ለውጡ የሚጸናው ኃይል ጠፍቶ ሲበራ ነው። ኮከቧን አይቻት ነበር። ጌጥ መስላኝ ነው።

ሌሊቱን ዘነበ፤ መብራት ጠፋ። የጅማ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

ጠዋት መብራቱ ተመልሶ፣ ሐጂ አማቻቸውን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውንና ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ሁሉ ሰብስበው ጠበቁኝ። እኔም አጭር ንግግር አደረግሁ። “ከዛሬ ጀምሮ” አልኩ፣ በእነዚህ ቃላት አልኩት፣ “አንድ ሚሊ ሜትር አይሳሳትም።” ከዚያ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ሽርርርርር።

ግማሽ ሰከንድ ነው። ፒኤልሲው በሰከንድ 20,000 ፐልስ ስለሚልክ፣ እጄ ቀዩ ቁልፍ ጋ ሳይደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ የሚያስቆመውን ሴንሰር ደግሞ ለሙከራ ብዬ ራሴ ከፕሮግራሙ አውጥቼዋለሁ፤ ለመዋረድ የጎደለኝ ነገር አልነበረም። መንጋጋው ገጥሞ አሸገ፤ ቢላዋው ቆረጠ፤ ማሽኑ ሥራውን በሚገባ እንዳጠናቀቀ ሁሉ ጸጥ አለ።

ሁለት ሜትር። እኔ 1.72 ነኝ። ስፋቱ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን አንሥተው ሲዘረጉት አንዱን ጫፍ ሐጂ፣ ሌላውን አማቻቸው ይዘው ሦስተኛ ሰው መሐሉን መደገፍ ነበረበት። አሥር ጊዜ የሐጂ ስም፣ አሥር ጀበና፣ አሥር ጊዜ “በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ”፤ ቃሉን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አንብቤ ጨርሼዋለሁ፤ ቀና ብሎ ሰው ከማየት ይሻል ነበር። ሩብ ኪሎው ቡና ደግሞ ወደ አንዱ ጫፍ ተሰብስቦ እንደ እብጠት ተንጠልጥሏል።

ማንም አልሳቀም። ይህንን ብቻ ነው ይቅር የማልላቸው። ቢስቁ ኖሮ አብሬ ስቄ ይወጣልኝ ነበር። ከለቃሚዎቹ አንጋፋዋ እማማ ግን ቀስ ብለው መጡ፤ ከረጢቱን ተቀበሏቸው፤ ወገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት፤ ቡናው ያለበትን ጫፍ እንደ ሳንቲም ቋጠሮ በጎናቸው ሸጎጡትና “ልጄ፣ መቀነት መሆኑን አስቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት?” አሉኝ።

ያኔ ሳቁ።

ጥገናው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ዜሮዋን መለስኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ 200 ሚሊ ሜትር። ማን ያይልኛል? ሁሉም እማማን እየከበበ ነው። ሐጂ ብቻ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ኢንጂነር፣ ግድ የለም” አሉኝ። “ኢንጂነር” ስትባል ተጠንቀቅ። በዚህ ከተማ ሰርቮ የሚያውቅ ሰው ማለት የምጣድ ገመድ የሚቀጥል፣ የቴሌቪዥን ሳህን የሚያዞር፣ የአማች ማቀዝቀዣ በነፃ የሚያይ ማለት ነው። ሙሉ ቀን ማቀዝቀዣ ስትሠራ ዋልህ፣ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ”። ከፍለውህ ስትሠራ ደግሞ “ኢንጂነር፣ ግድ የለም”። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአጂፕ እስከ መርካቶ በባጃጅ ሳልፍ ስሜ ይህ እንኳ አይደለም፤ “ባለ መቀነቱ” ነው። አንዱ ባለ ባጃጅ ሒሳቡን ስሰጠው “ለባለቤቴ አንድ ታወጣላት?” ብሎኛል። የሚስቱን የወገብ ልክም ነግሮኛል።

ሐጂ ክፍያዬን ሲሰጡኝ የሁለት ሜትር ፕላስቲክ ዋጋ ቀንሰው ነው። ቡናውን ግን አላስከፈሉኝም፤ እማማ ጫፉን ብቻ በመቀስ ቆርጠው እዚያው አፈሉት። መቀነቱ ወገባቸው ላይ እንዳለ ቀዱልኝ። አቦሉን ዝም ብዬ ጠጣሁ፤ ቶናውንም። በረካው ላይ ሲደርሱ ግን ሲኒውን እንደያዙ ቆም አሉና “አንድ ዜሮ ልጨምርልህ ወይስ ይበቃሃል?” አሉኝ።