ለተጫዋቹ የማልነግረው እገዛ

ዛሬ የዋልኩት በምሠራው የእግር ኳስ ጌም ኮድ ውስጥ ያለች አንዲት ቁጥር ላይ ነው። ኳሷ ወደ ተጫዋቹ እግር ስትጠጋ በምን ያህል ኃይል እንደምትሳብ የምትወስን ቁጥር ናት። ከፍ ሳደርጋት ኳሷ እግር ላይ ተጣብቃ ትቀራለች፣ ተቃራኒው ቢሞት አይነጥቃትም። ዝቅ ሳደርጋት ደግሞ ሯጩ ጥሏት ያልፋል፣ ጆይስቲኩን የያዘውም ሰው "ኧረ ነክቻታለሁ!" እያለ ይጮሃል። በሱ ዓይን እውነት ነክቷታል። ኮምፒውተሩ ነው በጥቂት ሴንቲሜትር ስተሃል የሚለው። እንዲህ ሲጣሉ እኔ ሁሌም የማደላው ለሰውየው ነው።

ጌሙን የሚጫወቱት ሁለት ለሁለት ሆነው ነው። ኦፍሳይድ የለም፣ ፋውል የለም፣ ዳኛ የለም። አውትም የለም፣ ኳሷ ግድግዳ መትታ ትመለሳለች። ሕግ መቀነስ ቀላል ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ሕግ የተሸከመው ነገር አለ። ኦፍሳይድን ስታነሳው ወዲያው አንዱ ሄዶ ጎል አፍ ላይ ይቆማል፣ ጓደኛው ረጅም ይልክለታል፣ እሱ ይነካል፣ አለቀ፤ ጨዋታው ሁሉ ያ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቆሞ መጠበቅ የማያዋጣበት ሌላ ምክንያት መፍጠር አለብህ። እኔ በረኛውን ቀየርኩት። ከቆመ ሰው የሚመጣን ምት በቀላሉ ይይዛል፣ በሩጫ ላይ የተመታ ግን ያስቸግረዋል። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ሰዎቹ ግን ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ራሳቸው መሮጥ ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ውሸት የሙያው ጥንታዊ ነገር ነው። በ1972 አላን አልኮርን አታሪ ለተባለው የጌም ኩባንያ ፖንግ የሚባለውን የቴኒስ ጌም ሲሠራ ሁለት ዱላና አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረው። ዱላውን 8 ቦታ ከፋፈለው። ኳሷ መሀሉን ስትመታ ቀጥ ብላ ትመለሳለች፣ ወደ ጫፉ በቀረበች ቁጥር ደግሞ ሰፋ ባለ አንግል ትሄዳለች። ምልልሱ ሲረዝም ፍጥነቷ ይጨምራል። የቴኒስ ፊዚክስ እንዲህ አይደለም፣ ግን ተጫዋቹ ኳሷን የት ልላካት ብሎ እንዲያስብ አደረገው፤ ያ ነው ስፖርቱ። ደግሞ በሰርኪዩቱ ችግር ምክንያት ዱላዎቹ እስከ ስክሪኑ የላይኛው ጫፍ አይደርሱም ነበር። አልኮርን አላስተካከለውም፣ ምክንያቱም ጎበዞች ሁሉንም ኳስ መመለስ ከቻሉ ጨዋታው አያልቅም። ይሄን ውሳኔ በጣም ነው የምወደው። እኔ ብሆን እንቅልፍ አጥቼ የምጠግነው ይመስለኛል።

ከኮዱ በኩል የሚያስቸግረው ፍጥነት ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ያሳያል፣ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር የምትበር ኳስ በአንድ ፍሬም ግማሽ ሜትር ትዘላለች። ግድግዳው ከዚያ ከቀጠነ ኳሷ በዚህኛው ፍሬም ከፊቱ፣ በሚቀጥለው ከጀርባው ትገኛለች፤ መሀል ላይ ማንም አላያትም። መፍትሔው ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር መፈተሽ ነው፣ ወይም ፍሬሙን በትንንሽ እርምጃ መከፋፈል። መኪኖች እግር ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግ የሚባለው ጌም ፊዚክሱን በሰከንድ 120 ጊዜ ነው የሚያሰላው። እኔ ሁለቱንም አደረግኩና ተገላገልኩ።

ወደ እገዛው ልመለስ፣ የዛሬው ነገሬ እሱ ነው። ሰው ኳሷ ሳትደርስ የምት ቁልፉን ይጫናል። ሁሉም እንደዚያ ነው፣ ይቸኩላል። ቁልፉን በዚያች ቅጽበት ብቻ ካነበብከው ምንም አይሆንም፣ ኳሷ ስትደርስ እግሩ ዝም ይላል። ስለዚህ ጌሙ ትእዛዙን ለ8 ፍሬም ያህል ያስታውሳል፣ ኳሷ በዚያ ውስጥ ከደረሰች ይመታላታል። በሰከንድ ሲታሰብ 0.13 ነው፣ ኢምንት። ሌላም አለ፦ አቅጣጫው ወደ ጎል ከተጠጋ ምቱን ትንሽ አቀናዋለሁ፣ ኃይለኛ ምት ሲሆን ደግሞ ሙሉ ጌሙን ለሦስት ፍሬም አቆመዋለሁ፣ ለዓይን ሳይታወቅ ለእጅ ክብደት የሚሰጠው እሱ ነው። አንዱ ሲሞክርልኝ ቮሊ አግብቶ "ዛሬማ ቀንቶኛል" አለ። የቀናውስ ያ 8 ፍሬም ነው፣ ግን ምን አግብቶኝ ደስታውን አበላሻለሁ።

እዚህ ጋ ግን አንድ መስመር አለኝ። ጣትን እረዳለሁ፣ ውጤትን አልነካም። በ1993 የወጣው ኤንቢኤ ጃም የሚባለው የቅርጫት ኳስ ጌም ከኋላ የቀረውን ቡድን በስውር ይረዳ ነበር፣ ልዩነቱ እንዲጠብ። ጌሙን የሠራው ማርክ ተርሜል ራሱ እንደተናገረው፣ የዲትሮይት ፒስተንስ ደጋፊ ስለነበር የቺካጎ ቡልስ በፒስተንስ ላይ በመጨረሻ ሰከንድ የሚወረውሯቸው ኳሶች እንዲስቱ ኮድ ውስጥ አስገብቷል። ሳቅኩ፣ አልዋሽም። የሱ ማሽን በሳንቲም የሚሠራ ነው፣ እስከመጨረሻው የተቀራረበ ጨዋታ ደግሞ ሳንቲም ያስገባል፣ ይገባኛል። ሦስት ተከታታይ ያገባ ሰው እሳት የሚሆንበት ሐሳቡማ ድንቅ ነው፣ ምክንያቱም በአደባባይ ነው፣ ሁሉም ያየዋል፣ ተቃራኒውም አንድ አግብቶ ሊያጠፋው ይችላል። በስውር የሚደረገው ግን መሪውን ይሰርቃል። አምስት ለዜሮ የመራ ሰው አምስቱን ለፍቶ ነው ያመጣው።

ችግሩ ግን አለ፦ አምስት ለዜሮ የተመራውም ሰው ጆይስቲኩን ጥሎ ይነሳል። እሱን እንዴት ላስቀምጠው ብዬ ብዙ አሰብኩና መልሱን ከቴኒስ ነው የወሰድኩት። ቴኒስ ውስጥ አንዱን ዙር ("ሴት" የሚሉትን) ስድስት ለዜሮ ብትሸነፍም ሁለተኛው ከባዶ ነው የሚጀምረው፣ በጠቅላላ ያነሰ ነጥብ ያገኘ ሰው ማሸነፍም ይችላል። ስለዚህ የኔ ጨዋታ አሁን ሦስት አጫጭር ዙር ሆኗል። ቀድሞ ሦስት ጎል ያገባ ዙሩን ይወስዳል፣ ሁለት ዙር የወሰደ ያሸንፋል። ማንም ማንንም በስውር አልረዳም፣ የተሸነፈውም ተስፋ አለው። ዙሮቹ አጭር ስለሆኑ ብሽሽቁም ጨምሯል፣ እሱ ሳላስበው የመጣ ጥቅም ነው።

የመሳቧን ቁጥር በመጨረሻ መሀል አካባቢ ተውኳት። ለጀማሪ ከፍ የምትል፣ ለጎበዝ ዝቅ የምትል ላድርጋት ወይ የሚለው ገና ነው። ካደረግኩትም ሁለቱም ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ሜኑ ላይ እያዩት የሚመርጡት ይሆናል። ነገ በረኛውን ነው የምነካው፤ ከግድግዳ ነጥራ ከኋላው የምትመጣ ኳስ አሁንም አይታየውም።