ወይን ጠጁ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፦ አራት ወር ከዳማከሴ ጋር

ሰላም ጓደኞች። ባለፈው ሐምሌ «የዳማከሴን ቅጠል የፀረ ኦክሲዳንት ጉልበት (በኦክሲጅን የሚመጣን ብልሽት የመከላከል አቅሙን) እለካለሁ» ብዬ ስነሳ ብዙዎቻችሁ «ውጤቱን እንዳትደብቂን» ብላችሁኝ ነበር። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ቁጥር አጥቼ አይደለም። ያገኘሁትን ቁጥር ማመን ስላልቻልኩ ነው። አሁን የት የት ጋ እንደተሳሳትኩ ስላወቅኩ እንደሆነው ልንገራችሁ። ገና ለምትጀምሩት ቢያንስ አንድ ወር ይቆጥብላችኋል።

ለምን ዳማከሴ? ልጅ ሆኜ ምች ሲመታኝ እናቴ ከጓሮ ቅጠሉን ቀንጥሳ ታመጣለች። በመዳፏ አሽታ እንዳሸተው ታደርገኛለች፣ ግንባሬን ትቀባኛለች። የቀረውን ጭማቂ ቡና ውስጥ ጠብ አድርጋ ታጠጣኛለች። እዚህ ጅማ ይህን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰው «የምች መድኃኒት» እያለ ነው የሚጠራው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ነው፤ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ሮዝማሪኒክ አሲድ የሚባል ጠንካራ ፀረ ኦክሲዳንት የተለመደ ስለሆነ፣ ከእሱም የሆነ ነገር እንደማገኝ ገምቼ ነው የገባሁበት።

የመጀመሪያው ጣጣ ዝናቡ ነበር። የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን አይደርቅም። ግማሽ ኪሎ ቅጠል ከገበያ ገዝቼ ጋዜጣ ላይ ዘረጋሁት። በአራተኛው ቀን ጠቆረ፤ ሻጋታ ሻጋታም ሸተተ። ጥቁረቱ ለዓይን ብቻ የሚያስጠላ ነገር አይደለም። የተላጠ ድንች ለምን እንደሚጠቁር አስቡት። በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ፌኖሎቹን፣ ማለትም ፀረ ኦክሲዳንት የሆኑትን ውህዶች፣ ከኦክሲጅን ጋር እያዋሃዷቸው ነው። ልለካው የመጣሁት ነገር ከመለካቱ በፊት ጋዜጣው ላይ አለቀ ማለት ነው። ሁሉንም ጣልኩት።

ቅጠል የሸጡልኝ እናት ተመልሼ ስሄድ ሳቁብኝና «ልጄ፣ ቅጠል መሬት ላይ አይተኛም። ትንሽ ትንሽ እያሰርሽ ስቀዪው፤ ነፋስ ይለፍበት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ቀጫጭን እስር አድርጌ፣ ፀሐይ በማይነካው ክፍል ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ ከጎኑ ቬንትሌተር አበራሁ። በስምንት ቀን ተሰባብሮ የሚፈርስ፣ አረንጓዴ ቀለሙን ያልለቀቀ ቅጠል አገኘሁ። ከ500 ግራም እርጥብ 90 ግራም ያህል ደረቅ ቀረኝ። ስታቅዱ ይህን አስቡበት፤ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው።

በዚያው ጊዜ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ተጭኜ አደረቅኩና ለዕፅዋት ባለሙያ አሳየሁ። ይህን አትዝለሉት። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱ ምን እንደነበር ማንም አይነግራችሁም። የአገር ስም ብቻውን ደግሞ አይበቃም። አንዱ ሻጭ ግራዋ የሚለውን ሌላው ኢቢቻ ይለዋል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ይውላል።

ጨምቆ ማውጣቱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። 50 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለ72 ሰዓት፣ አልፎ አልፎ እያወዛወዙ። ከዚያ በዋትማን ቁጥር 1 የማጣሪያ ወረቀት ማጣራት፣ ሜታኖሉንም በሮታሪ ኢቫፖሬተር በ40 ዲግሪ ማትነን። መሀል ላይ ሁለቴ መብራት ሄደ፤ ጠብቀን ቀጠልን። የወጣው ነገር እንደ ወፈረ ማር የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው። በክረምት ክፍት ከተዋችሁት ከአየሩ እርጥበት ይስብና ክብደቱ በየሰዓቱ ይለወጣል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ዴሲኬተር (ጥብቅ ክዳን ያለው የማድረቂያ ዕቃ) ውስጥ አስቀምጡት። ሚዛን ላይ ሲወጣም ቶሎ መዝኑ። ሌላው፣ ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። «ይጠጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ወንድሜን በቁጣ ነው የመለስኩት። በሜታኖል የወጣ ነገር አይጠጣም፣ አይቀባም።

አሁን ወደ ልኬቱ። የሠራሁት የዲፒፒኤች ሙከራ ነው። ማርስደን ብሎይስ የተባለ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ እስካሁን አብዛኛው ሰው በእሱ ነው የሚጀምረው። ዲፒፒኤች ነፃ ራዲካል ነው፤ ያልተጣመረ ኤሌክትሮን አለው። ከሌሎቹ የሚለየው ዱቄት ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ መቆየት መቻሉ ነው። ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን የሚሰጠው ሲያገኝ ይረጋጋል፣ ቀለሙም ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይለወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ልቤ ነው የዘለለው። የእናቴ ጓሮ ቅጠል ዓይኔ እያየ ቀለም ሲቀይር!

መጠኑን ልስጣችሁ። 3.94 ሚሊግራም ዲፒፒኤች በ100 ሚሊሊትር ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ 0.1 ሚሊሞላር (ፈሳሹ ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ይሆናል። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ በየቀኑም አዲስ አዘጋጁ። ከዚህ 3 ሚሊሊትር፣ ከናሙናው 1 ሚሊሊትር ቀላቅሎ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ማቆየት። ከዚያ ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ማሽን፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ማንበብ። ናሙና የሌለበት ኮንትሮል 0.90 አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። ከኮንትሮሉ ንባብ የናሙናውን ትቀንሳላችሁ፣ ለኮንትሮሉ ታካፍላላችሁ፣ በ100 ታባዛላችሁ። ዲፒፒኤቹን በግማሽ ለማጥፋት የሚበቃው መጠን አይሲ 50 ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጣል።

ሁለት ወር የበላኝ እዚህ ጋ ነው።

ማነጻጸሪያዬ ቫይታሚን ሲ ነበር። የመጀመሪያው ውጤቴ 13 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ወጣ። ደገምኩት፤ ያው 13። ሦስት ሙከራ ተቀራራቢ ቁጥር ስለሰጠኝ ትክክል መሰለኝ። አንድ ቀን ማሽኑን ትቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ የቫይታሚን ሲ ሞለኪውል ሁለት ዲፒፒኤች ያጠፋል። ቱቦው ውስጥ ያለው ዲፒፒኤች በናሙናው ስለቀጠነ 0.1 ሳይሆን 0.075 ሚሊሞላር ነው። ግማሹ 0.0375። እሱን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ሲ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 0.01875 ሚሊሞላር ነው። በሞለኪውል ክብደቱ በ176 ስታባዙት 3.3 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ይመጣል።

3.3 እና 13። በትክክል አራት እጥፍ! ያኔ ገባኝ። እኔ ስመዘግብ የነበረው ከጠርሙሱ የቀዳሁትን መጠን ነው። 1 ሚሊሊትሩ ከ3 ሚሊሊትር ዲፒፒኤች ጋር ሲቀላቀል አራት ጊዜ እንደሚቀጥን ረስቻለሁ። የሁለት ወር ቁጥሮቼ በሙሉ፣ የዳማከሴውም ጭምር፣ አራት እጥፍ ተጋነው ነበር። ደጋግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር ማግኘት ትክክል መሆን እንዳልሆነ ያኔ በደንብ ገባኝ። ስለዚህ ከየትኛውም ቅጠል በፊት ይህን የወረቀት ሒሳብ ሥሩ። ቫይታሚን ሲያችሁ ከ3.3 ብዙ ከራቀ ወይ የማቅጠን ስህተት አለ፣ ወይ ብጥብጡ አርጅቷል። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲያድር ራሱ ይበላሻል።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላም ነገር ተማርኩ። አይሲ 50 የቅጠሉ ብቻ ባሕርይ አይደለም። ብዙ ዲፒፒኤች ከጨመራችሁ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ከቀነሳችሁ ይቀንሳል። አንዱ ጽሑፍ ላይ ያለውን ቁጥር ከሌላው ጋር አሰልፎ «ይኼኛው ቅጠል ይበልጣል» ማለት አይቻልም። እኔ አሁን ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ በዚያው ብጥብጥ ከተለካ ቫይታሚን ሲ ጋር ያለውን ጥምርታ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የመጣው ከቅጠሉ ቀለም ነው። መጠኑን ስጨምር መቶኛው እየጨመረ ሄደ። ከዚያ ከፍተኛው መጠን ላይ ሲደርስ ተመልሶ ወረደ። ብዙ መድኃኒት ጨምሬ እንዴት ጉልበቱ ይቀንሳል? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፒፔቴን (ፈሳሽ የምለካበትን ዕቃ) ነበር። በኋላ ቱቦውን ብርሃን ላይ ሳነሳው መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። ቱቦው ቢጫ ሳይሆን አረንጓዴ ነው። የቅጠሉ ክሎሮፊልና ሌሎች ቀለሞች ራሳቸው 517 ላይ ትንሽ ብርሃን ይውጣሉ። ማሽኑ ደግሞ ቀለሙ የማን እንደሆነ አይለይም፤ «ያልጠፋ ዲፒፒኤች ነው» ብሎ ይቆጥረዋል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ኮንትሮሉ 0.90፣ ናሙናው 0.36 ካነበበ 60 በመቶ ይወጣል። ግን ያው ናሙና ዲፒፒኤች በሌለበት ንጹሕ ሜታኖል ውስጥ 0.09 ካነበበ፣ ትክክለኛው ንባብ 0.27 ነው። 60 የነበረው 70 ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን የራሱ ብላንክ፣ ማለትም ዲፒፒኤች የሌለበት ንባብ፣ ያስፈልጋል። ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። ግን አረንጓዴ ቅጠል የምትሠሩ ከሆነ ምንም አቋራጭ የለውም። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ የግራፉ ቁልቁለት ጠፋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ እናቴ ያሰብኩት። እሷ ዳማከሴን አድርቃ በሜታኖል አልዘፈዘፈችም። ትኩሱን አሽታ ቡና ላይ ነው ጠብ ያደረገችው። እኔ ለአራት ወር የለካሁት ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ነው! ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ቤት የተፈላ አቦል ይዤ ላቦራቶሪ ገባሁ። ዳማከሴ ሳልጨምር፣ አስር ጊዜ አቅጥኜ ዲፒፒኤች ላይ ጨመርኩት። ወይን ጠጁ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ለካ ቡናው ብቻውን ሁሉንም ይጨርሰዋል። ቡና በክሎሮጄኒክ አሲድ የበለጸገ ነው። ሲቆላ የተወሰነው ቢቀንስም፣ ቡናውን የሚያጠቁሩት ሜላኖይዲኖች ራሳቸው ፀረ ኦክሲዳንት ናቸው። ዳማከሴው የጨመረውን ለማየት ቡናውን በጣም ማቅጠን፣ ለብቻውም እንደ ኮንትሮል መለካት የግድ ነው። ቡናን ከጤና አዳም ጋር ልትሞክሩ ያሰባችሁም ይህን አትርሱ። ሩቲን የሚባለው ፍላቮኖይድ (ከዕፅዋት ፀረ ኦክሲዳንቶች አንዱ) ስሙን ያገኘው ከጤና አዳም ወገን ነው፤ ጥሩ ነገር ታገኙበታላችሁ። ግን ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከነካው ያቃጥላል።

ውጤቱን ስነግራቸው ሰፈር ውስጥ ወዲያው «እንግዲያው ካንሰር ይከላከላል ማለት ነው?» ያሉኝ አሉ። አይደለም። ዲፒፒኤች በሰው አካል ውስጥ የለም። ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን መስጠትና በሆድ አልፎ፣ በጉበት ተጣርቶ ደም ውስጥ መሥራት ለየብቻ ናቸው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ፀረ ኦክሲዳንት የሆነውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም የምግቦችን የፀረ ኦክሲዳንት ቁጥር የያዘውን ሰንጠረዡን በ2012 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፤ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ ያለ አግባብ እየተጠቀሙበት ነበር። የእኔ ቁጥርም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቅጠል ኤሌክትሮን የሚሰጡ ውህዶች አሉት። ስለ ምች ምንም አይልም። ይህን ስል የእናቴን እጅ ማሳነሴ አይደለም። እሷ የምታውቀውን ነገር በትክክል ለመጠየቅ ሌላ ዓይነት ሙከራ ያስፈልጋል ማለቴ ነው።

ነገ ጠዋት ከጓሮዋ ትኩስ ቅጠል ቀንጥሼ፣ እንደ እሷ በመዳፌ አሽቼ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ይዤ እሄዳለሁ። ጭማቂውን ወዲያው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ እለካዋለሁ፤ ሲቆይ ምን ያህል እንደሚደክም ማየት እፈልጋለሁ። ጎን ለጎን መቶ ጊዜ የቀጠነ አቦል፣ ከዳማከሴ ጋርና ያለ ዳማከሴ። ቱቦዎቹን ዛሬ ማታ በፎይል ጠቅልዬ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ።