ዐሥር ሊትር ናፍጣ

የካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ተረኛው ደወለልኝ። ከወረዳው ከተማ 27 ኪሎ ሜትር በምትርቅ ቀበሌ የአንድ አዛውንት ጥማድ በሬዎች ከበረት ተሰርቀዋል። ዱካው ትኩስ ነው። የመንደሩ ሰው ተከትሎ ወንዙ አፋፍ ድረስ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሌቦቹ መሣሪያ ሳይዙ አይቀሩምና ፖሊስ ይድረስልን ብለዋል።

ያን ጊዜ የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበርኩ። አባላቱ ለመሄድ ዝግጁ ናቸው። ፒክአፓችን ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ሞተሯ ደህና፣ ጎማዋም ደህና። የነዳጅ ታንከሯ ግን ባዶ ነው። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ የዓመቱ የነዳጅ በጀት በሰባተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ አልቋል፤ ማደያውም በዱቤ አልቀዳም ካለ ሳምንት ሆኖታል። ይህንኑ ከመንደሩ ለደወለው ሰው በራሴ አንደበት ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያውስ ነዳጁን እኛ እናምጣው» አለኝ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የአዛውንቱ ልጅ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ከኋላው ቢጫ ጀሪካን በጎማ ገመድ ጠፍሯል። ክዳኑ ስለጠፋ አፉን በፌስታል ወትፎታል፤ መንገድ ላይ የፈሰሰው ናፍጣ የልጁን ጋቢ አርሶታል። ዐሥር ሊትር ናት፤ ቸርቻሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ በእጥፍ የገዛት። ቀድተን ተነሣን። ቦታው ስንደርስ ሊነጋጋ ነው። ዱካው ከአስፋልቱ ዳር ተቋርጧል፤ በሬዎቹ በመኪና ተጭነው ሄደዋል። አዛውንቱ ባዶውን በረት ተደግፈው «ለበልግ እርሻ ያዘጋጀኋቸው ነበሩ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

መጀመሪያ ያማካኘሁት በናፍጣ ዋጋ ነው። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። ዕቅዱን በመጋቢት 2014 ስናዘጋጅ አንድ ሊትር 29 ብር አይሞላም ነበር። የ2015 በጀት ዓመት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት 49 ብር ሆነ፣ መስከረም ላይ 60 ተጠጋ፣ ጥር ላይ 67 አለፈ። ያው ገንዘብ የሚገዛው ናፍጣ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ለአጥር ግንባታ የተያዘ ያልተነካ ገንዘብ ነበረን፤ እርሱ ደግሞ ካፒታል (የግንባታ) በጀት ስለሆነ እንደ ነዳጅ ወዳለው መደበኛ ወጪ ማዘዋወር አይፈቀድም።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ ሾፌራችን ዋና ሳጅን የጉዞ መዝገቡን ይዞ ቢሮዬ ገባና «ጌታዬ፣ ይህንንም ይዩት» አለኝ። ከሐምሌ እስከ ጥር መኪናዋ የሄደችበትን በእጁ ደምሮታል። ከየዐሥሩ ኪሎ ሜትር ስድስቱ ለስብሰባ፣ ለእንግዳ መቀበልና ለአጀብ የዋለ ነው። ለሌሊት ቅኝትና ለወንጀል ጥሪ የዋለው ሦስት እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ የጉዞ መፍቀጃ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የናፍጣው ዋጋ ቢጨምርም እንኳ ለስብሰባና ለአጀብ ያዋልነው ለሌሊት ጥሪ ቢተርፍ ኖሮ ታንከሯ ያን ሌሊት ባዶ ባልሆነ ነበር።

የዚያን ዓመት ዕቅድ መልሼ አወጣሁት። ስትራቴጂክ ዕቅዱ ከላይ የወረደ ነው፤ «ወንጀልን በ15 በመቶ መቀነስ» ይላል። የትኛውን ወንጀል፣ የት፣ በስንት ሰዓት የሚል አንድ መስመር የለበትም። በጀቱ ደግሞ ካለፈው ዓመት ተገልብጦ ዐሥር በመቶ የተጨመረበት ነው። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ መሥሪያ ቤት ተጽፈው አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ዛሬም በየወረዳው ሳየው ያመኛል።

ለ2016 በጀት የተነሣነው ጣቢያው የደረሰው ወንጀል ሁሉ ከሚጻፍበት የዕለት ሁኔታ መዝገብ ነው። ሁለት አባላት ሦስት ሳምንት ተቀምጠው የስምንት ወር መዝገብ ገጽ በገጽ አገላበጡ። የከብት ስርቆቱ አብዛኛው ከቅዳሜ ገበያ በፊት ባሉት ሁለት ሌሊቶች፣ ያውም በአራት ቀበሌዎች የተፈጸመ ነው። ይህን ለማወቅ ናፍጣ አያስፈልግም ነበር፤ መዝገቡ ሁልጊዜም ጠረጴዛችን ላይ ነው። ስለዚህ መኪናዋ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ከከተማ ከመመላለስ ይልቅ በአራቱ ቀበሌዎች መካከል እንድታድር ወሰንን። ኪሎ ሜትሩን ለካን፤ በኮረኮንች መንገድ በሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ብለን አሰላን፤ ከዚያ በኋላ ነው 6217 በሚባለው የነዳጅና ቅባት የሒሳብ መደብ ፊት ብር የጻፍነው።

ምክር ቤቱ ፊት አንድ አባል «እኛ የምናጸድቀው ብር ነው፤ ሊትሩን ለምን ጻፋችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። «ዋጋው ሲጨምር ስንት ሌሊት እንደሚጎድልብን አብራችሁን እንድታዩት ነው» አልኳቸው። የበጀት ጣሪያው ጠባብ ስለነበር ካቀረብነው ሦስት አራተኛውን አጸደቁልን። ሲቀነስብን ምን እንደምንተው አስቀድመን ስለወሰንን አልተደናገጥንም። ለስብሰባ በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ የሌሊቱ ሊትር አይነካም። ቅሬታ አልቀረም፤ የዞን ስብሰባ ላይ በአውቶቡስ የደረስኩ ቀን እኔንም መኪናዋን ለምን እንደተውኩ ጠይቀውኛል። ሊትሩን በየሩብ ዓመቱ ከፍለን ቀሪውን በየወሩ መጨረሻ ለአባላቱ በሙሉ እናነብ ነበር።

ጣቢያ የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ መጋቢት ላይ የዕቅድ ቅጹ ሲመጣላችሁ ያለፈውን ዓመት ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት የሾፌራችሁን መዝገብ አስመጡ።

የዚያችን ናፍጣ ዋጋ ለመመለስ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጠይቄ ነበር። ለፖሊስ ነዳጅ ለገዛ ገበሬ የሚከፈልበት የሒሳብ መደብ የለም። ከኪሴ ይዤ ሐምሌ ላይ ጀሪካኑን ልመልስ ሄድኩ፤ በዚያው ለቀበሌው የሌሊት ቅኝቱን ላስተዋውቅ። አዛውንቱ ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። ጀሪካኑን ተቀብለው ከደጃፉ አስቀመጡት።

«በሬዎቹስ ልጄ፣ የሰማችሁት ነገር አለ?» አሉኝ።

አልነበረም።