ከጉልበት በላይ፣ ከጉልበት በታች

በአሜሪካ በአንድ የተሃድሶ ሕክምና ክፍል በፊዚዮቴራፒ ረዳትነት ስሠራ፣ እግራቸው ተቆርጦ ከሚመጡልን ሰዎች መካከል ጥቁሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በላይ የተቆረጡ መሆናቸው ዕረፍት ይነሳኛል። ነገሩ የእኛ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ጥቁር አሜሪካውያን በስኳር በሽታና በእግር የደም ሥር መጥበብ ምክንያት ከነጮች ይልቅ እግራቸውን የማጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ፣ ከመቆረጡም በፊት የተዘጋውን የደም ሥር የመክፈት ሕክምና የሚሞከርላቸው ያነሱ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል።

ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ሰው ሠራሽ እግሩን በራሱ ጡንቻ ያዝዘዋል። ያልተረፈለት ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ እጅግ የበለጠ ኃይል ስለሚያወጣ፣ ልቡም ደካማ ከሆነ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት የተረፈው ጭናቸው ስለከሳ ሶኬቱ፣ ማለትም ጭኑ የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ክፍል፣ እየላላ ሲያስቸግራቸው ክፍተቱን እንዲሞላ ጭናቸው ላይ ሦስተኛ ካልሲ ደረብኩላቸው። ሁለቱን የመደገፊያ ብረቶች ጨብጠው አራት እርምጃ ሄዱና «ቤቴ እኮ ደረጃ አለው» አሉኝ።

ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ታካሚውን ከ0 (ዝቅተኛው) እስከ 4 (ከፍተኛው) ባለው የእንቅስቃሴ ደረጃ ይመድባል፤ የሚፈቀድለትም የሰው ሠራሽ ጉልበት ዓይነት በዚሁ ይወሰናል። ደረጃው ሰውየው ወደፊት ሊደርስበት የሚችለውን የሚተነብይ በመሆኑ ለመዛኙ ግምት ሰፊ በር ይከፍታል። እኚህን እናት 1 ብለው ሲመዘግቧቸው፣ ከመታመማቸው በፊት በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዱ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ ጠይቄ መዝገባቸው ላይ ጻፍኩት፤ ዳግም ምዘናው ለሐሙስ ተቀጥሯል።