«ካሳሁን ዛሬ ማታ ይመታል»

አራት ቃል ናት። በአንድ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ 12ኛ ክፍል ውስጥ ጎረቤቲቱ ቡና እየቆላች ለካሳሁን እህት ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትነግራት። ደራሲው ይህችን የጻፈው አድፍጠው የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉ አድማጩ አውቆ እስከሚቀጥለው ሳምንት ልቡ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ነው። ተዋናይቷ ግን አላልታ አነበበችው። «መ» እና «ታ» ሲጠብቁ ካሳሁን ተመቺ ነው፤ ሲላሉ መቺው እሱ ይሆናል። ፊደሉ ለሁለቱም ያው ነው።

ቀረጻው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሳይሰማው አለፈ። አዘጋጁ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ዓይኑም ወረቀቱ ላይ ስለነበር ጆሮው የሰማውን ዓይኑ አረመለት። የድምፅ ባለሙያው የሚያየው መለኪያውን ነው፤ ድምፁ ከልክ አልፎ ቀዩ መብራት እንዳይበራ እንጂ የቃሉ ፍቺ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ስቱዲዮው በሰዓት የተከራየ ስለሆነ 25 ደቂቃው ድራማ በአንድ ከሰዓት እንዲያልቅ ተብሎ የጠረጴዛ ዙሪያ ንባቡ (ተዋንያን ከቀረጻ በፊት ስክሪፕቱን አብረው የሚያነቡበት) ተዘሏል። የተቆጠበው አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስህተቱን ያገኘው ኤዲተሩ ነው፣ ያውም ስክሪፕቱን ስላላነበበ። ትዕይንቱን ሁለቴ ሰማና «ማንን ነው የሚመታው?» አለ። ለስርጭት ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው በኮምፒውተር ማጥበቅ ነው። ይህ እብደት አይደለም። ጠባቂ ድምፅን ከላላው የሚለየው በዋናነት የርዝመቱ ጉዳይ ነው። «ት» ከመፈንዳቷ በፊት አፍ ተዘግቶ የሚቆይባት ቅጽበት አለች፤ ያቺን ዝምታ እጥፍ ያህል ስታስረዝማት ጆሮ ጠበቀች ይላል። የሚሞላው ግን ባዶ ዝምታ መሆን የለበትም፤ የክፍሉን የራሱን እስትንፋስ (ማንም ሳይናገር የሚሰማውን ስስ ድምፅ) መሙላት ያስፈልጋል፣ አለዚያ በድምፁ መሃል ጉድጓድ ይሰማል። «ታ» በዚህ መንገድ ዳነች። «መ» ግን እምቢ አለች። እሷ በአፍንጫ የሚወጣ ተከታታይ ድምፅ ናት፤ ቁራጯን ቀድቶ መደጋገም ያስፈልጋል፣ ተዋናይቷ ደግሞ እዚያ ላይ ድምጿን እየጣለች ነበር። የተደጋገመው ቁራጭ እንደ ንብ ጢዝዝ አለና ተጣለ።

ተዋናይቷ በማግስቱ ጠዋት ተጠርታ አራቱን ቃላት ብቻ ቀረጸች። አጠበቀችው፣ አማረ። ትዕይንቱ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሴት በሩን ከፍታ የገባች መሰለ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። የጠዋት ድምጿ ወፍራም ነው። የምታናግረው ሰው ፊቷ ስላልነበረ ፍርሃቷ ጠፍቷል። ከሁሉም በላይ ርቀቱ ተለውጧል፤ የፊተኛው ቀረጻ ከማይኩ አንድ ስንዝር ላይ ነበር፣ የአሁኑ ሁለት ስንዝር ግድም። ርቀት እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ግን ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ብታደርገው ግድግዳውም አብሮ ይጮኻል። ይህን በማጉያ አስተካክላለሁ ብሎ ሰዓት የሚያባክን ሰው ዛሬም አይጠፋም።

ሁለተኛው ድጋሚ ቀረጻ በደንቡ ተሠራ። የእህትየዋ ተዋናይም ተጠራች። ሁለቱም የፊተኛውን ቀረጻ በማዳመጫ ሰሙ፤ ከዚያ ከሦስት ንግግር ቀድመው ጀምረው ከስህተቱ በኋላ እስካለው መልስ ድረስ አብረው ተጫወቱት። የማይኩ ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ተለክቶ ምልክት ተደረገበት። ቀረጻው እንዳለቀ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉ ጸጥታ ለ30 ሰከንድ ተቀዳ። መጋጠሚያው የዋለው ቃል መሃል ሳይሆን እህትየዋ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ላይ ነው።

ንግግሩም ራሱ ተቀየረ፦ «ካሳሁንን ዛሬ ማታ ሊደበድቡት ነው።» አሁን «ን» አለች፣ ብዙ ቁጥሩም አለ፤ ተዋናይ በፈለገው መንገድ ቢያነበው መቺና ተመቺ አይምታታም። ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፣ የደራሲው ብዕር ላይ ስለሚያልቅ።

አንድ ጣጣ ቀረች። መጋጠሚያውን ለመሸፈን ኤዲተሩ የቡና ቁሌት ድምፅ ከሥሩ አነጠፈ፤ እውነተኛ ቁሌት፣ ብረት ምጣድ ላይ የተቀዳ። ከሌላ ክፍል ተጠርተው የሰሙት ሁሉ «ዝናቡ ጥሩ ነው» አሉ። ታሪኩ የጥር ወር ነው! ማጥበሻ ላይ የሚንጣጣ ነገርና ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ምስል ከሌለ ለጆሮ የተቀራረቡ ናቸው፤ ሁለቱም ዜማ የሌላቸው ጥቃቅን ፍንዳታዎች ናቸው። ድምፁን መቀየር አላስፈለገም፤ ስም ሊሰጠው ነበር የሚገባው። ቁሌቱ ሲጀምር ጎረቤቲቱ «ጭሱ ወደ አንቺ መጣ፣ ፈቀቅ በይ» እንድትል ተደረገ፣ የማማሰያው እንጨት ምጣዱን ሲፍቅም ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ዝናቡ አባራ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቡድን ስክሪፕት ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ ብዕር ነጥብ ይደረጋል። የማጥበቂያ ምልክቱ በዩኒኮድም፣ ማለትም በኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ አለ (መ፟ እንዲህ ነው)፤ ግን ሁሉም ስልክና ፎንት በትክክል ስለማያሳየው ብዕሩ ይሻላል። ነጥቡ የሚገባው ሁለት ንባብ ያላቸው ቃላት ላይ ብቻ ነው፦ ገና፣ ዋና፣ አለ፣ ይበላል። ሁሉንም ፊደል ነጥብ ካጠገብከው ተዋናዩ ማየቱን ይተዋል። በተለይ ሽፍታ! የጤና ድራማ ላይ ሐኪሙ «ሽፍታ ወጥቶበታል» ሲል አላልቶ ካነበበው በሽተኛው ቆዳው ላይ ሳይሆን ጫካ ውስጥ ነው ችግሩ።

የጠረጴዛ ዙሪያው ንባብም ተመልሷል። አንድ ሰው ስክሪፕት ሳይሰጠው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሻይ የምታፈላው ልጅ ናት። ማን ማንን ምን እንዳደረገ ካልገባት እጇን ታወጣለች፣ ያቺ መስመርም እንደገና ትጻፋለች።